በስኪነር ዘዴ ለመሥራት «የዘመኑ ሁኔታ» የሚል ምዕራፍ አይበቃም

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ሥራዎች ላይ እያዘጋጀሁ ነው። አማካሪዬ ‹በኩዌንቲን ስኪነር ዘዴ ሥራው› አሉኝ። ሰውየው ማን ነው? ዘዴውስ ጽሑፍን ከዘመኑ ጋር አያይዞ ከማንበብ በምን ይለያል? ፍልስፍና አልተማርኩም፤ ከየት ልጀምር?»

ፍልስፍና አለመማርዎ ብዙ አይጎዳዎትም። ስኪነር ራሱ በሙያው የታሪክ ሰው ነው፤ ከፈላስፎች የተዋሰው ዋና መሣሪያ አንድ ነው፣ እሱንም ከታች በጥቂት መስመር አስረዳለሁ። የሚከብደው ሌላው ሥራ ነው፦ ማንም የማያነባቸውን ጽሑፎች ቁጭ ብሎ ማንበብ። በስኪነር ስም የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። «የዘመኑ ሁኔታ» የሚል ምዕራፍ ከፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድርሰቱ ያ ምዕራፍ እንዳልተጻፈ ሁሉ ብቻውን ይተነተናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ስለ ሰውየው ባጭሩ። ስኪነር በ1940 ማንችስተር አጠገብ በምትገኘው ኦልድሃም ተወለደ። ካምብሪጅ ውስጥ በጎንቪል ኤንድ ኪዝ ኮሌጅ ታሪክ ተምሮ በ1962 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በክራይስትስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ከ1974 እስከ 1979 አሜሪካ፣ ፕሪንስተን በሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሠርቷል። «የዘመናዊ የፖለቲካ አስተሳሰብ መሠረቶች» የተባለው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በ1978 ሲወጣ ስሙ ገነነ፤ ካምብሪጅም በዚያው ዓመት የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር አደረገው። ከ1996 እስከ 2008 በዘውዱ ሹመት የሚያዘውን የታሪክ ወንበር ይዞ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የጻፈባቸው ርእሰ ጉዳዮች ከኢጣሊያ የህዳሴ ከተሞች እስከ ማኪያቬሊ፣ ከቶማስ ሆብስ እስከ ሼክስፒር የንግግር ጥበብ ይደርሳሉ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የጻፈው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእሱ በፊት ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ መንግሥት የጻፋቸው ሁለት ድርሰቶች የታተሙት በ1689 መጨረሻ ነበር፤ እንግሊዞች በ1688 ንጉሣቸውን ጄምስ ዳግማዊን ካባረሩ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉ የተፈጸመውን አብዮት ትክክል ነበር ለማለት የተጻፈ ተደርጎ ይነበብ ነበር። በ1960 የካምብሪጁ ፒተር ላስሌት የሎክን ወረቀቶችና የግል ቤተ መጻሕፍቱን መርምሮ አብዛኛው ክፍል የተጻፈው ከ1679 እስከ 1681 ባለው ጊዜ መሆኑን አሳየ። ያ ወቅት የንጉሡ ወንድም ጄምስ (ኋላ ጄምስ ዳግማዊ የሆነው) ዙፋን እንዳይወርስ በፓርላማ ትግል የሚደረግበት ነበር። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱም አልተለወጠም፤ ሎክ በእነሱ ያደረገው ነገር ግን ተገለበጠ። ላለፈ አመፅ ጥብቅና መቆም መስሎ ይታይ የነበረው፣ አመፅ ገና ሳይነሣ አመፅን መፍቀድ ሆኖ ተገኘ። በአንዱ ንባብ ደራሲው የአሸናፊዎች ጠበቃ ነው፤ በሌላው በአገር ክህደት ሊሰቀል የሚችል ሰው ነው።

ይህ በአንድ መጽሐፍ ላይ የደረሰ ነገር እንዴት የሁሉም ንባብ ሕግ ሊሆን ይችላል? ስኪነር፣ ከጆን ደንና ከጆን ፖኮክ ጋር፣ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር። ሦስቱን ሰዎች የካምብሪጅ ትምህርት ቤት እያሉ በአንድ መጥራት ተለምዷል፤ ፖኮክ ግን ከደራሲው ሐሳብ ይልቅ ዘመኑ በጋራ የሚነጋገርበትን የፖለቲካ ቋንቋ ያስቀድማል። አማካሪዎ «የካምብሪጅ ዘዴ» ሳይሆን «የስኪነር ዘዴ» ካሉዎት ልዩነቱን ያዙ፤ ፈታኞች ይጠይቃሉ።

መሣሪያው ይኸውና። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን ሰው ሲናገር አንድ ነገር ይላል፣ በማለቱም ውስጥ አንድ ነገር ያደርጋል ብሎ ነበር፤ ያስጠነቅቃል፣ ቃል ይገባል፣ ያሾፋል፣ ይማጸናል። ስኪነር የሚወደው ምሳሌ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ የሚንሸራተት ሰው ነው (ለእኛ ራቅ ያለ ነው፣ ግን ይገባል)። ፖሊስ «እዚያ ጋ በረዶው ስስ ነው» ይለዋል። ሰውየው የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ቢያውቅ እንኳ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ካልገባው ፖሊሱን አልተረዳውም። ስኪነር ይህን ወደ ትልልቅ የፖለቲካ መጻሕፍት አሻገረው። «ልዑል አንዳንዴ ደግ አለመሆንን መማር አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉም ጸሐፊ በሚለው ዘመን ከተጻፈ የተለመደ ምክርን መድገም ነው፤ ማንም በማይለው ዘመን ከተጻፈ የተቀበሉትን የሥነ ምግባር ሕግ መቃወም ነው። የትኛው እንደሆነ ድርሰቱን መቶ ጊዜ ቢያነቡት አይነግርዎትም። የሚነግሩዎት ጎረቤቶቹ፣ ማለትም በዚያው ዘመን በዚያው ጉዳይ ላይ የተጻፉት ሌሎች ጽሑፎች፣ ናቸው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ብቻ የሚገባበት አንድ ጉድጓድ አለ። በሰምና ወርቅና በአንድምታ ያደገ አእምሮ «ደራሲው ምን እያደረገ ነው?» ሲባል ከላዩ ትርጉም ሥር የተደበቀ ሁለተኛ ትርጉም መፈለግ ይቀናዋል። ስኪነር የሚፈልገው እሱን አይደለም። ፖሊሱ ወርቁን አልደበቀም፤ በግልጽ ቋንቋ በግልጽ አስጠነቀቀ። ስደትን ፈርተው ሐሳባቸውን በመስመሮች መካከል ስለሚሰውሩ ጸሐፍት የጻፈው የፖለቲካ ፈላስፋው ሊዮ ስትራውስ ነው፤ የእሱና የስኪነር መንገድ አይገጥሙም፣ ስኪነርም በ1969 የስትራውስን አነባበብ በስሙ ጠቅሶ ተችቷል። ባለ ቅኔ ደራሲ ላይ ከሆነ የሚሠሩት ሰምና ወርቁን መፍታት የግድ ነው፤ ግን ከፈቱም በኋላ የስኪነር ጥያቄ ገና አልተነካም፦ ይህን ቅኔ በመቀኘቱ ማንን ነካ፣ ማንን ደገፈ፣ በየትኛው ሙግት ውስጥ ገባ?

የ1969ኙ ጽሑፍ፣ ስለ ትርጉምና ስለ መረዳት የሚለው፣ በብዛት የሚጠቀሰው ነው። ትልቁ ክፍሉ ግን የሚያፈርስ እንጂ የሚያሠራ አይደለም፤ የሌሎችን ስሕተት አንድ በአንድ እየጠራ ተረት ይላቸዋል። ዘዴውን ለመማር እሱን ከማንበብ ይልቅ ስኪነር ራሱ ሲሠራበት ማየት ይሻላል። ሁለት ናሙናዎችን አቀርባለሁ፤ መጀመሪያው ረዘም ይላል።

የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርለስ ቀዳማዊ ጥር 1649 አንገቱ ተቀላ። አዲሱ መንግሥት በጥር 1650 አዋቂ ወንዶች ሁሉ ያለ ንጉሥና ያለ ጌቶች ምክር ቤት ለቆመው ሪፐብሊክ ታማኝ እንደሚሆኑ ቃል እንዲገቡ አዘዘ። ለንጉሡ ቀድመው የማሉ ሰዎች ተጨነቁ፤ በጉልበት ሥልጣን ለያዘ መንግሥት መታዘዝ ይገባል ወይ? በዚህ ላይ በራሪ ጽሑፎች ጎረፉ። ፍራንሲስ ራውስ፣ አንተኒ አሽም፣ ማርችሞንት ኒድሃም የተባሉ ጸሐፍት መንግሥት እንዴትም ሥልጣን ይያዝ፣ እስከ ጠበቀህ ድረስ ታዘዘው የሚል ክርክር አቀረቡ። ሆብስ «ሌዋታን» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1651፣ ሙግቱ ሳይበርድ ነው፤ በመደምደሚያውም መጽሐፉን የጻፈው በጥበቃና በመታዘዝ መካከል ያለውን ዝምድና ለማሳየት እንደሆነ ይናገራል። ለሦስት መቶ ዓመት ሆብስ በዘመኑ ማንም ያልተቀበለው ብቸኛ አሳቢ ተደርጎ ይነገር ነበር። ስኪነር በ1960ዎቹ ያደረገው እነዚያን የተረሱ በራሪ ጽሑፎች መሰብሰብና ማነጻጸር ነው። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሆብስ መደምደሚያ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት ነበር። ሁለተኛ፣ የመደምደሚያው መንገድ የእሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የቅዱስ ጳውሎስን «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» እና የአምላክን ፈቃድ ሲጠቅሱ፣ ሆብስ ከሰው ልጅ ተፈጥሮ ተነሥቶ እዚያው ደረሰ። አዲስነቱ የት ላይ እንደሆነ የታወቀው ተራዎቹ ጸሐፍት ከተነበቡ በኋላ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ናሙና ማኪያቬሊ ነው። «ልዑሉ» በተባለው ድርሰቱ በ18ኛው ምዕራፍ ልዑል አንበሳንም ቀበሮንም መምሰል አለበት ይላል። ብቻውን ሲነበብ ደማቅ ምሳሌ ነው፣ አበቃ። በዘመኑ የተማረ ሰው ሁሉ ሲሴሮ ስለ ግዴታዎች የጻፈውን በልጅነቱ አጥንቶት ነበር፤ ሲሴሮም ጉልበት የአንበሳ፣ ማታለል የቀበሮ ነው፣ ሁለቱም ለሰው ልጅ አይገቡም፣ ማታለል ደግሞ የባሰ ይጠላል ብሎ ጽፏል። ያን የሚያውቅ አንባቢ ማኪያቬሊ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ይዞ እየገለበጠው መሆኑን ያያል፤ ሹፈትም አለበት።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ። መጀመሪያ የሚደረገው የጊዜ ቅደም ተከተሉን ማጥራት ነው፤ በገብረሕይወት ላይ ይህ ከሎክም ይብሳል። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1912 አሥመራ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ፤ ምኒልክ በሕመም ከሥራ ርቀው አልጋ ላይ ናቸው፣ ልጅ ኢያሱ ወራሽ ሆነው ተሰይመዋል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን ደራሲው በ1919 ከሞቱ በኋላ በ1924 አዲስ አበባ ታተመ። ስለዚህ የሁለተኛው መጽሐፍ ዐውድ ሁለት ነው። ሲጻፍ የነበረው አንድ፤ ሲታተም የነበረው፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ያለው፣ ሌላ። ማተም የደራሲው ድርጊት አይደለም፤ ያሳተመው ሰው ድርጊት ነው፣ እሱም የራሱ ዓላማ አለው። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ካደባለቁ የሞተ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በተነሣ ሙግት ውስጥ እንዲከራከር ያደርጋሉ። (ማኪያቬሊም እንዲሁ ነው፤ በ1513 የጻፈው በ1532፣ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የታተመው።) ለመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜው አጭር ስለሆነ አንዱን ይምረጡ። ምርጫው የእኔ ቢሆን የ1912ቱን እወስዳለሁ፤ አጭር ነው፣ የታተመበት ቦታና ጊዜ ይታወቃል፣ ደራሲው በሕይወት ሳሉ ወጣ።

ቀጥሎ ጎረቤቶቹን ይሰብስቡ። ለ1912ቱ ጽሑፍ ሦስት ዓይነት ያስፈልግዎታል። አንዱ፣ ስለ ንጉሥ መልካምነት ቀድሞ የተጻፈውን የሚያሳዩ፦ የፍትሐ ነገሥት 44ኛ አንቀጽ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ዜና መዋዕል፣ የዘመኑ አዋጆችና ደብዳቤዎች። ሁለተኛው፣ በዚያው አስርት ዓመት በአማርኛ ስለዚያው ጉዳይ የጻፉ፦ በተለይ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1909 ሮም ያሳተሙት የምኒልክ ታሪክ። ስለ አንድ ንጉሥ በሦስት ዓመት ልዩነት የተጻፉ ሁለት ሥራዎች ናቸውና ጎን ለጎን ካልተነበቡ ሥራው ጎደሎ ነው። ሦስተኛው፣ ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ራሱ፤ አሳታሚዎቹ እነማን ነበሩ፣ በዚያው ዕትምና በቀደሙት ምን ወጣ፣ አንባቢዎቹ የት ነበሩ? ተማሪዎች ድርሰቱን ከኋላ ከወጣ ስብስብ ላይ ቀድተው መጽሔቱን ሳያዩት ይቀራሉ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር የመጀመሪያ መዳረሻዎችዎ ናቸው። ስለ ለውጥ ፈላጊ ምሁራኑ ማንነትና ግንኙነት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ2002 ያሳተሙት ጥናት ማን ከማን ጋር እንደቆመ ለማወቅ ጊዜ ይቆጥብልዎታል፤ ግን እሱ መነሻ ነው፣ በእሱ ጠቅሰው ዋናዎቹን ጽሑፎች ማንበብ እንዳይቀር።

ሲያነቡ የሚመዘግቡት ነገር መታወቅ አለበት። ኤክሴል ላይም ይሁን በካርድ፣ ለእያንዳንዱ መዝገብ ይህን ይያዙ፦ ቃሉ ወይም አባባሉ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ፣ ጸሐፊው፣ ዓመቱ፣ ገጹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉ ማወደሻ ነው ወይስ መንቀፊያ። የመጨረሻው ዓምድ የስኪነር ነው። በእሱ አመለካከት የፖለቲካ ሙግት የሚካሄደው ሲገልጹ በሚያወድሱና ሲገልጹ በሚነቅፉ ቃላት ነው፤ ደፋር፣ ቆጣቢ፣ ለጋስ፣ አመፀኛ፣ ታማኝ። አዲስ ነገር የሚፈልግ ጸሐፊ አዲስ ቋንቋ ይዞ ቢመጣ የሚሰማው የለም። ስለዚህ የነባሩን የማወደሻ ቃል ወስዶ ነባሩ ባላሰበው ነገር ላይ ያውለዋል፣ ወይም የተወደሰውን ነገር በመንቀፊያ ስም ይጠራዋል። የጥንት የንግግር ጥበብ መምህራን ይህን ያውቁት ነበር፤ አባካኙን ለጋስ፣ ጨካኙን ቆራጥ ብሎ መጥራት እንደሚቻል ያስተምሩ ነበር። ስኪነር በ1996 ስለ ሆብስ በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ዘዴ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

በእርስዎ ርእስ ላይ ሊፈተን የሚችል መላምት ልስጥዎት። በዜና መዋዕሉ ዓለም ንጉሥ ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ ማብላትና መስጠት ነው፤ የግብር ገበታው ሰፊ፣ እጁ ያልተሰበሰበ፣ ለሹሙና ለወታደሩ አገር የሚሰጥ። ገብረሕይወት ገበሬው የሚከፍለው ግብር የተወሰነና በገንዘብ የሚከፈል፣ ሹሙም ደመወዝተኛ እንዲሆን ሲጠይቁ የአስተዳደር ማሻሻያ ብቻ ነው ያቀረቡት? ወይስ ለጋስነት የተባለው የንጉሥ ምግባር ራሱ ገበሬውን የሚበላ ነው ማለታቸው ነው? ሁለተኛው እውነት ከሆነ ጽሑፉ የማሻሻያ ዝርዝር መሆኑ ይቀርና የንጉሥ ውዳሴ የሚጻፍበትን ልማድ የሚያፈርስ ይሆናል። ይህን ለማለት ግን የማወደሻው ልማድ በእርግጥ እንደዚያ እንደነበር ቢያንስ ከአምስት ስድስት የተለያዩ እጆች ማሳየት አለብዎት። ከአንድ ዜና መዋዕል ተነሥቶ «በዘመኑ የተለመደው» ማለት አይቻልም፤ ያ አንድ ሰው ያለው ነው።

ሁሉም ሲሰበሰብ ምዕራፍ ከመጻፍዎ በፊት ይህን ክፍት ዓረፍተ ነገር ይሙሉ፦ «ገብረሕይወት እንዲህ ብለው በመጻፋቸው፣ እነ እገሌ የሚሉትን ይህን ነገር፣ እንዲህ አደረጉት።» «እነ እገሌ» በሚለው ቦታ «ኋላ ቀርነት»፣ «ፊውዳሉ ሥርዓት»፣ «ድንቁርና» ብለው ከሞሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመለሱ። ሙግት የሚገጠመው ከሰውና ከጽሑፍ ጋር ነው፤ ከሥርዓት ስም ጋር አይደለም።

ምን ይበላሻል? በብዛት የማየው የሕይወት ታሪክን ዐውድ አድርጎ ማቅረብ ነው። ዓድዋ አካባቢ መወለድ፣ በምፅዋ በኩል አውሮፓ መሻገር፣ በጀርመንኛ መማር፤ እነዚህ ለምን እንደጻፉ ሊጠቁሙ ይችላሉ። የጻፉት ነገር ምን ድርጊት እንደነበረ ግን አይናገሩም። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ተጽዕኖ» የሚባለው ቃል ነው፦ ጀርመን አገር ተምረዋል፣ ስለዚህ ከጀርመን የምጣኔ ሀብት ጸሐፍት ወሰዱ። ስኪነር እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከል እውነተኛ መመሳሰል መኖሩን፣ ተቀባዩ ሐሳቡን ከሌላ ከማንም ሊያገኘው አለመቻሉን፣ በአጋጣሚ የመመሳሰሉ ዕድል እጅግ ትንሽ መሆኑን። ሁለተኛው ላይ አብዛኛው የተጽዕኖ ወሬ ይወድቃል። ደብዳቤ፣ ጥቅስ ወይም የተገለበጠ አንቀጽ ካላገኙ «ይመሳሰላል» ብለው ያቁሙ።

ሦስተኛው ስሕተት በገብረሕይወት ላይ ልማድ ሆኗል፦ ከ1950ዎቹ በኋላ በላቲን አሜሪካ ኢኮኖሚስቶች የመጣውን የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ (ድሃ አገሮች የሚደኸዩት ከሀብታሞቹ ጋር ባላቸው ያልተመጣጠነ ንግድ ነው የሚለውን) ቀድመው ያዩ አሳቢ ናቸው ማለት። ስኪነር የ1969ኙን ጽሑፍ ከሞላ ጎደል የጻፈው ይህን ለመቃወም ነው። የሱ ምሳሌ የፓዱዋው ማርሲሊየስ ነው፤ በ1324 በጨረሰው መጽሐፍ ስለ ሕግ አውጪና ስለ አስፈጻሚ ጥቂት ነገር ስላለ የሥልጣን ክፍፍልን ሐሳብ ቀድሞ ያመነጨ ተደርጎ ይነገርለት ነበር፣ ሐሳቡ ግን ማርሲሊየስ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣ ነው። ማንም ሰው ገና ላልተጀመረ ሙግት መልስ ሊሰጥ አይችልም። ገብረሕይወት በአላዋቂና በዐዋቂ ሕዝብ መካከል ስላለው ንግድ የጻፉት ድንቅ ነው፤ ድንቅነቱን ለማሳየት የላቲን አሜሪካ ኢኮኖሚስቶች አባት ማድረግ አያስፈልግም። ውዳሴው ደራሲውን ከራሳቸው ሙግት ነቅሎ ያወጣቸዋል፤ በ1910ዎቹ በባቡር ሐዲድ፣ በቀረጥና በውጭ ነጋዴ ላይ ከማን ጋር ይከራከሩ እንደነበር ይረሳል።

አራተኛው፣ የ1912ቱንና የ1924ቱን ጽሑፎች እንደ አንድ ወጥ ትምህርት ለማስማማት መድከም ነው። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ የሚጋጭ ነገር ቢያገኙ ይመዝግቡት እንጂ አይለስኑት።

«ከልባቸው ነው ወይ የጻፉት?» የሚል ጥያቄ ጽሑፍዎን በፈታኞች ፊት በሚከላከሉበት ዕለት መምጣቱ አይቀርም፣ በተለይ ቤተ መንግሥት አጠገብ የነበረ ጸሐፊ ላይ። ስኪነር በ1974 ስለ ቦሊንግብሮክ የጻፈው መልስ ይሆንዎታል። ቦሊንግብሮክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የዎልፖልን መንግሥት የሚቃወም፣ ራሱ ሥልጣን የሚፈልግ ፖለቲከኛ ነበር፤ ስለ አርበኝነት ሲሰብክ ያምንበት እንደሆነ በጣም ያጠራጥራል። ያኔ የመንግሥት ተቃዋሚነት ከክህደት ብዙም አይለይም ነበርና ራሱን የሚከላከልበት መርሕ መያዝ ነበረበት። የመረጠው የዎልፖል ፓርቲ ራሱ ሲምልበት የኖረውን ነው፤ በሰላም ጊዜ ቋሚ ጦር እንዳይኖር፣ የፓርላማ አባላት በሹመትና በጡረታ እንዳይገዙ። ያን መርሕ አንዴ ከያዘ በኋላ ማድረግ የሚችለው በመርሑ ስም ሊገለጽ የሚችለውን ብቻ ሆነ። ስለዚህ ማመኑና አለማመኑ ሳይታወቅም መርሑ ለድርጊቱ ምክንያት ነው። ለአማርኛው ጽሑፍም ይኸው ይሠራል፤ ገብረሕይወት ለምኒልክ የሰጡት ምስጋና ከልብ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይጠበቅብዎትም። ምስጋናው ምን ለማለት በር እንደከፈተላቸው ማሳየት ይበቃል።

የስኪነር ሌላ ፊት አለ፣ ከዘዴው ጋር እንዳይቀላቀልብዎት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስለ ነጻነት የሚከራከር ሰው ሆኗል፤ በ1998 የወጣው ትንሿ መጽሐፉ ዋናዋ ናት። ክርክሩ ይህ ነው፦ ከሆብስ ወዲህ ነጻነት ማለት የሚከለክል አለመኖር ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ በፊት ግን ከሮማ ሕግ የመጣ ሌላ አረዳድ ነበር። በሮማ ሕግ ባሪያ ማለት በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያለ ሰው ነው። ጌታው ደግ ሆኖ አንድም ቀን ባይነካው እንኳ፣ የሚኖረው በጌታው ፈቃድ ስለሆነ ነጻ አይደለም። ሆብስ ይህን ሲያፌዝበት፣ ሪፐብሊክ የነበረችው የኢጣሊያዋ ሉካ ከተማ በማማዎቿ ላይ «ነጻነት» ብላ ብትጽፍም ነዋሪዋ ሱልጣን ከሚገዛት ከቁስጥንጥንያ ሰው በላይ ነጻ አይደለም አለ። ጄምስ ሃሪንግተን በ1656 መለሰለት፤ በቁስጥንጥንያ ታላቁ ፓሻ እንኳ አንገቱም ንብረቱም በጌታው ፈቃድ የቆመ ጭሰኛ ነው፣ የሉካ ድሃ ግን በሕግ ይኖራል። ኢትዮጵያን ለሚያጠና ሰው ይህ ክርክር ወዲያው ወደ 1931ዱ ሕገ መንግሥት ይወስደዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ሆኖ የቀረበ ነውና። በፈቃድ የተሰጠ መብት ያለው ሕዝብ በሃሪንግተን ሚዛን የት ይቆማል? ጥሩ የፖለቲካ ፍልስፍና ጥያቄ ነው። ነገር ግን የ1931 ሰዎች ያን ጥያቄ በዚያ መልክ ጠይቀውት ነበር ማለት አይደለም፤ ካልጠየቁት የእርስዎ ጥያቄ ነውና በእርስዎ ስም ያቅርቡት። ሁለቱን ስኪነሮች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ ማቀላቀል በሱ ዘዴ በሱ ላይ ኃጢአት መሥራት ነው።

ዘዴው የማይደርስበትም ቦታ አለ፤ ፈታኝ ቢያነሣው አይደንግጡ። ዐውዱም የተሠራው ከጽሑፍ ነው፣ እሱን የሚያነብልን ማን ነው የሚለው ትችት ጠንካራ ነው፤ ሙሉ መልስ የለውም። ለእኛ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ስኪነር የሚሠራው የታተሙ በራሪ ጽሑፎች በብዛት በተረፉበት አገር ላይ ነው። በ1912 በአማርኛ የታተመው ጥቂት ነው፤ ሙግቱ በብዛት በቃል፣ በደብዳቤ፣ በቅኔና በአዝማሪ ግጥም ይካሄድ ነበር። ስለዚህ የ«ጎረቤት» ክምችትዎ ቀጭን ይሆናል፣ ድምዳሜዎም በዚያው ልክ መለዘብ አለበት። የቃል ግጥምን እንደ ማስረጃ ከወሰዱ መቼ እንደተባለና ማን እንደመዘገበው አብረው ይጻፉ፤ ቀኑ ያልታወቀ ግጥም ለዚህ ዘዴ አይረዳም።

የንባብ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ስለ ሆብስና ስለ ታማኝነት መሐላው ሙግት የጻፈውን፣ ቀጥሎ የቦሊንግብሮኩን፣ ከዚያ በ1981 የወጣችውን አጭሯን የማኪያቬሊ መጽሐፍ፣ በመጨረሻ የ1969ኙን። ኦስቲን ቢቀር ግድ የለም። አንድ የቴክኒክ ነገር፦ ስኪነር ጽሑፎቹን በ2002 በሦስት ቅጽ ሲሰበስብ (ስለ ዘዴው የጻፋቸው በመጀመሪያው ቅጽ ናቸው) የ1969ኙን አሳጥሮና አለዝቦ ጽፎታል። የቀድሞው ኃይለኛ አነጋገር በአዲሱ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከየትኛው እንደጠቀሱ በግርጌ ማስታወሻዎ ላይ ዓመቱን ለይተው ያስቀምጡ።